ለሕክምናና ለሕይወት ሳይንስ ባለሙያዎች የሚያገለግሉ የኢንተርኔት የመረጃ ምንጮች

ይህ መረጃ የተዘጋጀው በሆስፒታል፣ በጤና ጣቢያ፣ በላቦራቶሪ፣ በመድኃኒት ቤት፣ በምርምር ተቋምና በዩኒቨርሲቲ ለሚሠሩ ባለሙያዎች እንዲሁም በእነዚህ ሙያዎች ትምህርታቸውን በመከታተል ላይ ለሚገኙ ዜጎች ነው። ዓላማውም ያለ ክፍያ ወይም በሚሠሩበት ተቋም በኩል ሊገኙ የሚችሉ ዋና ዋና የመረጃ ምንጮችን፣ አጠቃቀማቸውንና ሊደረግ የሚገባውን ጥንቃቄ ማሳወቅ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ሁሉ በስማቸው ሲፈለጉ በቀላሉ ስለሚገኙ አድራሻቸውን መዘርዘር አላስፈለገም።

ጉዳዩ ለምን ትኩረት እንደሚሻ በአንድ የተለመደ ምሳሌ ማሳየት ይቻላል። ጡት የምታጠባ እናት ለሚጥል በሽታ ወይም ለድባቴ መድኃኒት ሲታዘዝላት፣ መድኃኒቱ ወደ ወተቷ ስለማለፉ እርግጠኛ ያልሆነ ባለሙያ ብዙውን ጊዜ «ጡት ማጥባቱን አቁሚ» ይላታል። ምክሩ ጥንቃቄ ይመስላል። ይሁን እንጂ የዱቄት ወተት የመግዛት አቅም በሌለው፣ ንጹሕ ውኃም እንደልብ በማይገኝበት ቤት ሕፃኑን ለተቅማጥና ለምግብ እጥረት ሊዳርገው ይችላል። ላክትሜድ የተባለው የመረጃ ቋት ለዚህ ጥያቄ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ መልስ ይሰጣል። እያንዳንዱ መድኃኒት በወተት ውስጥ የተገኘበትን መጠን፣ በሚጠባው ሕፃን ላይ የታየውን ውጤትና በምትኩ ሊታዘዙ የሚችሉትን መድኃኒቶች ከነጥናታቸው ያቀርባል። አገልግሎቱ ክፍያም ምዝገባም አይጠይቅም።

ፐብሜድ

በሕክምናና በሕይወት ሳይንስ መስክ የሚደረግ ፍለጋ ሁሉ መነሻው ፐብሜድ ቢሆን ይመከራል። ይህ አገልግሎት በአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት የሚተዳደር ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1996 ሥራ ጀምሯል። ሥሩ ግን እጅግ የቆየ ነው። ጆን ሾው ቢሊንግስ የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1879 በየወሩ የሚወጡ የሕክምና ጽሑፎችን በርዕስ እያደራጀ በወረቀት ማሳተም ጀመረ፤ ያ ማውጫ ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ ወደ ኮምፒዩተር ተሸጋግሮ የዛሬው ፐብሜድ መሠረት ሆነ። በአሁኑ ጊዜ ከ37 ሚሊዮን በላይ የጽሑፍ መዝገቦችን ይዟል።

እዚህ ላይ ብዙ ተጠቃሚዎች የሚሳሳቱበትን ነገር ማስታወስ ተገቢ ነው። ፐብሜድ ማውጫ እንጂ ቤተ መጻሕፍት አይደለም። በአብዛኛው የሚያሳየው የጽሑፉን ርዕስ፣ የጸሐፊዎቹን ስምና አኅጽሮተ ጥናቱን ነው። ሙሉው ጽሑፍ በነፃ የተለቀቀ ከሆነ ፐብሜድ ሴንትራል ወደተባለውና እ.ኤ.አ. በ2000 ወደተከፈተው ማኅደር የሚወስድ ምልክት ከጎኑ ይታያል። በዚያ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጽሑፎች በሙሉ ይገኛሉ። አኅጽሮተ ጥናትን ብቻ አንብቦ ሕክምና መለወጥ አደገኛ ነው። የታካሚዎቹ ዕድሜ፣ የመድኃኒቱ መጠን፣ ከጥናቱ ያቋረጡ ሰዎች ብዛትና መሰል ወሳኝ ዝርዝሮች የሚገኙት በውስጥ ገጾች ነውና።

የፍለጋው ውጤት የሚወሰነው በቃላት አመራረጥ ነው። ለአብነት እንዶድን እንውሰድ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ አካባቢ ሰዎች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ የቢልሃርዝያን ተውሳክ የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸው ለረጅም ዘመን ምርምር በር ከፍቷል። ለዚሁ ሥራም እርሳቸውና ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት በጋራ ተቀብለዋል። ስለዚህ ተክል የተጻፈውን የሚፈልግ ተማሪ «እንዶድ» የሚለውን ስም በላቲን ፊደል ብቻ ቢያስገባ የሚያገኘው ጥቂቱን ነው። የተክሉን ሳይንሳዊ ስም፣ ማለትም ፊቶላካ ዶዴካንድራ የሚለውን ጨምሮ ሁለቱን «ኦር» በተባለው አያያዥ ቃል ማገናኘት አለበት። ከዚያም «ኤንድ» በሚለው ቃል ቢልሃርዝያን ወይም ቀንድ አውጣን ቢጨምር ፍለጋው ይጠብለታል። አያያዥ ቃላቱ በትልልቅ የላቲን ፊደላት ይጻፋሉ።

ሌላው መሣሪያ ሜሽ በመባል የሚታወቀው የርዕስ ቃላት መዝገብ ነው። አንዱ ጸሐፊ «ከፍተኛ የደም ግፊት» ሲል ሌላው «ሃይፐርቴንሽን» ይላል፤ ሜሽ ግን ሁለቱንም በአንድ ርዕስ ሥር ያሰባስባል። መዝገቡ በዛፍ መልክ ከሰፊው ወደ ጠባቡ የተዋቀረ በመሆኑ «የጉበት በሽታዎች» ብሎ የፈለገ ሰው በሥሩ ያሉትን ሁሉ አብሮ ያገኛል። አንድ ጉድለት ግን አለበት። በጣም አዲስ የሆኑ ጽሑፎች ርዕስ ሳይሰጣቸው ለጥቂት ጊዜ ሊቆዩ ስለሚችሉ በሜሽ ብቻ የሚፈልግ ሰው የቅርቡን ሊያጣ ይችላል። በተለመደ ቃልና በሜሽ ሁለት ጊዜ መፈለጉ ለዚህ መፍትሔ ይሆናል። ታካሚ ፊቱ ተቀምጦ እየጠበቀው ላለ ሐኪም ደግሞ «ክሊኒካል ኩዌሪስ» የተባለው የፐብሜድ ክፍል ውጤቱን ለሕክምና ውሳኔ በሚጠቅሙ ጥናቶች ላይ ብቻ ስለሚወስንለት ጊዜ ይቆጥብለታል።

ሙሉ ጽሑፎችን በተቋም በኩል ማግኘት

አንድን ጽሑፍ ለማንበብ አሳታሚዎች በውጭ ምንዛሪ የሚጠይቁት ክፍያ ለአንድ ግለሰብ ከባድ መሆኑ የታወቀ ነው። ይህንኑ በመገንዘብ የዓለም ጤና ድርጅት ከስድስት ታላላቅ አሳታሚዎች ጋር በመስማማት እ.ኤ.አ. በጥር 2002 ሂናሪ የተባለውን መርሐ ግብር አቋቁሟል። ሲጀመር 1,500 ያህል መጽሔቶችን ብቻ ያቀርብ የነበረው መርሐ ግብር በአሁኑ ወቅት በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ መጽሔቶችንና መጻሕፍትን ያቀርባል። በግብርና መስክ አጎራ፣ በአካባቢ ጥበቃ ኦአሬ፣ በቴክኖሎጂና ፈጠራ አርዲ፣ በሕግ ደግሞ ጎአሊ የተባሉት አቻ መርሐ ግብሮች ተጨምረው አምስቱም በጋራ ሪሰርች ፎር ላይፍ ይባላሉ።

አገሮች በሁለት ምድብ የተከፈሉ ሲሆን ኢትዮጵያ ተቋሞቿ ያለ ክፍያ በሚጠቀሙበት በመጀመሪያው ምድብ ውስጥ ትገኛለች። ይሁን እንጂ አገልግሎቱ የሚሰጠው ለግለሰብ ሳይሆን ለተመዘገበ ተቋም ነው። ዩኒቨርሲቲ፣ የጤና ሳይንስ ኮሌጅ፣ ሆስፒታል፣ የምርምር ተቋም፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤትና ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ሊመዘገቡ ይችላሉ። ስለሆነም ባለሙያው በቅድሚያ ማድረግ ያለበት የተቋሙን የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ወይም የመረጃ ቴክኖሎጂ ክፍል መጠየቅ ነው። ብዙ ጊዜ ተቋሙ ከዓመታት በፊት ተመዝግቦ ሳለ የመግቢያ መረጃውን የያዘው ሠራተኛ በመቀየሩ ብቻ አገልግሎቱ ተዘንግቶ ይቀራል። ተቋሙ ያልተመዘገበ ከሆነ ደግሞ ኃላፊው በሪሰርች ፎር ላይፍ ገጽ ላይ የምዝገባ ቅጹን በመሙላት ማመልከት ይችላል። የመግቢያ ቃሉን በማኅበራዊ መገናኛ ገጽ ላይ መለጠፍ የአጠቃቀም ውሉን የሚጥስ ከመሆኑም በላይ የመላውን ተቋም አገልግሎት ሊያሳግድ ይችላል።

በዚሁ አጋጣሚ በቴሌግራም ቻናሎች ስለሚዘዋወሩት የሕክምና መጻሕፍት አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል። ከባለ መብቱ ፈቃድ ውጭ መባዛታቸው አንዱ ችግር ነው። ለታካሚው የሚብሰው ግን አብዛኞቹ ዕድሜያቸው ያለፈ እትሞች መሆናቸው ነው። በአሮጌ እትም ላይ ተመርኩዞ የመድኃኒት መጠን የሚወስን ሰው ከዚያ ወዲህ የወጣውን ማስጠንቀቂያ አያውቀውም። ኤምኤስዲ ማንዋል የተባለው መመሪያ እ.ኤ.አ. ከ1899 ጀምሮ በመጽሐፍ ሲታተም የቆየ ሲሆን አሁን የባለሙያዎች ቅጂው በኢንተርኔት በነፃ ይነበባል፤ በየጊዜውም ይታደሳል። ለተማሪም ለሐኪምም ከአሮጌው መጽሐፍ የተሻለ ነው።

ኮክሬን፦ ጥናቶችን በአንድነት መመዘን

ስለ አንድ ሕክምና አሥር ጥናቶች ተሠርተው አምስቱ «ይጠቅማል»፣ አምስቱ «ለውጥ አላየንም» ቢሉ ባለሙያው የትኛውን ይመን? ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት እ.ኤ.አ. በ1993 ኮክሬን የተባለው ዓለም አቀፍ ኅብረት ተመሠረተ። ስያሜውን ያገኘው ሐኪሞች በማስረጃ የተመዘነ ሕክምና እንዲሰጡ ሲወተውቱ ከኖሩት ከስኮትላንዳዊው ሐኪም አርቺ ኮክሬን ነው። ኅብረቱ በአንድ ጥያቄ ላይ የተሠሩትን ጥናቶች በሙሉ አሰባስቦ፣ ጥራታቸውን መዝኖና ውጤታቸውን አዋሕዶ ያቀርባል። ግምገማዎቹ ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ላሉ አንባቢዎች በነፃ ክፍት ናቸው፤ ለጠቅላላ አንባቢ በቀላል ቋንቋ የተጻፈ ማጠቃለያም አላቸው።

የኅብረቱ ዓርማ ራሱ ትምህርት ነው። በዓርማው ላይ የሚታዩት አግድም መስመሮች ያለጊዜያቸው ሊወልዱ ለተቃረቡ እናቶች ኮርቲኮስቴሮይድ መስጠት የሕፃኑን ሳንባ ያጠነክር እንደሆነ የፈተሹ ጥናቶች ናቸው። የመጀመሪያው ጥናት ከኒውዚላንድ እ.ኤ.አ. በ1972 ቢወጣም ሁሉም ተሰባስበው ጥቅሙ ግልጽ ሆኖ እስኪታይ ድረስ ብዙ ዓመታት አለፉ። በእነዚያ ዓመታት ርካሽ በሆነ መርፌ ሊድኑ ይችሉ የነበሩ ብዙ ሕፃናት ሞተዋል።

ታሪኩ ግን በዚህ አላበቃም፤ በአገራችን ሁኔታ ለሚሠራ ባለሙያ የሚጠቅመውም ከዚህ በኋላ ያለው ክፍል ነው። ቀደምቶቹ ጥናቶች በአብዛኛው የተሠሩት የጨቅላ ሕፃናት ሕክምና በተሟላባቸው ሆስፒታሎች ነበር። ሕክምናው በስድስት ታዳጊ አገሮች በማኅበረሰብ ደረጃ ጭምር እንዲስፋፋ ተደርጎ ሲጠና፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው ውጤት የሚያስደነግጥ ነበር። አነስተኛ ክብደት ባላቸው ሕፃናት ሞት ላይ መሻሻል አልታየም፤ በጠቅላላው ሲታይ የጨቅላ ሕፃናት ሞትና በእናቶች ላይ የሚጠረጠር ኢንፌክሽን ጨመረ። የዓለም ጤና ድርጅት በባንግላዲሽ፣ በሕንድ፣ በኬንያ፣ በናይጄሪያና በፓኪስታን ባሉ 29 ሆስፒታሎች ያካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው ሌላ ጥናት ደግሞ የእርግዝናው ዕድሜ በትክክል ተለክቶ፣ አስፈላጊው የእናትና የጨቅላ ሕፃን እንክብካቤ ባለበት ሆስፒታል ሲሰጥ መድኃኒቱ እንደሚጠቅም አረጋገጠ። መድኃኒቱን ካገኙት እናቶች ከተወለዱት ጨቅላዎች የሞቱት 19.6 በመቶ፣ ካላገኙት የተወለዱት ደግሞ 23.5 በመቶ ነበሩ። ስለዚህ አንድ ባለሙያ ግምገማ ሲያነብ «ይሠራል ወይ?» ብሎ ብቻ ሳይሆን «እኔ በምሠራበት ጤና ጣቢያ ባለው መሣሪያና ሰው ይሠራል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል።

መድኃኒት፣ መመሪያና የበሽታ መለያ

በአገር ውስጥ ሕክምና ሲሰጥ ቅድሚያ የሚሰጠው ብሔራዊውን የሕክምና መመሪያ ነው። የውጭ መመሪያ የቱንም ያህል ዝነኛ ቢሆን በአገር ውስጥ ያልተመዘገበ መድኃኒት ወይም የማይገኝ ምርመራ ሊያዝ ይችላል። አንድ መድኃኒት በኢትዮጵያ የተመዘገበ መሆኑን ለማጣራት የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንን የምዝገባ መረጃ መመልከት ይገባል። ይህ በተለይ ባልታወቀ መንገድ የገባ መድኃኒት ሲቀርብለት ለሚጠራጠር ፋርማሲስት አስፈላጊ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1977 ሲሆን በየሁለት ዓመቱ ይታደሳል። የሕፃናት ዝርዝር ከ2007 ጀምሮ ለብቻው ይወጣል። ዝርዝሩ አሁን በኢንተርኔት በመድኃኒትም በበሽታም ስም ሊፈለግ የሚችል ሆኗል። በ2017 የተጨመረው የፀረ ተሕዋስያን መድኃኒቶች ምድብ ለዕለት ሥራ ልዩ ጠቀሜታ አለው፤ በመጀመሪያ ሊታዘዙ የሚገባቸውን፣ በጥንቃቄና በክትትል የሚታዘዙትንና ሌላው ሁሉ ሲከሽፍ ብቻ የሚወጡትን በሦስት ይለያል። የተሕዋስያን መድኃኒት መለማመድ አሳሳቢ በሆነበት በዚህ ጊዜ ይህን ምድብ በየማዘዣ ክፍሉ መለጠፍ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ሥራ ነው።

ለበሽታዎች የሚሰጠው ዓለም አቀፍ መለያ ቁጥር 11ኛ ክለሳ እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለ ሲሆን ሙሉ መዝገቡ በነፃ ይፈለጋል። በዘር የሚተላለፉ በሽታዎችን ለሚከታተሉ ኦሚም፣ እምብዛም ለማይታዩ በሽታዎች ደግሞ ኦርፋኔት ተመራጭ ናቸው።

የሕይወት ሳይንስ የመረጃ ቋቶች

በዚህ መስክ ያለው ሀብት ከሕክምናው ይልቅ ለጋስ ነው፤ አብዛኛው ማንንም ሳያስፈቅዱ የሚወስዱት ነውና። የዘረ መል ቅደም ተከተል በሦስት ቦታዎች ይከማቻል፦ በአሜሪካ ጂንባንክ፣ በአውሮፓ የኑክሊዮታይድ ማኅደር እና በጃፓን ዲዲቢጄ። ሦስቱ በየጊዜው መረጃ ስለሚለዋወጡ በአንዱ የገባው በሌሎቹም ይገኛል። ላቦራቶሪ ውስጥ ያገኙት ቅደም ተከተል የየትኛው ፍጡር እንደሆነ ለማወቅ እ.ኤ.አ. በ1990 የተሠራውን ብላስት መጠቀም ይቻላል። የዚህ ሥርዓት ዋጋ ጎልቶ የታየው እ.ኤ.አ. በጥር 2020 ነበር። የአዲሱ የኮሮና ቫይረስ ቅደም ተከተል ለሁሉም ክፍት ሆኖ በመለቀቁ ሳይንቲስቶች የቫይረሱ ናሙና እጃቸው ሳይገባ የመመርመሪያ ዘዴ መንደፍ ችለዋል።

ስለ ፕሮቲኖች ዩኒፕሮት፣ ስለ ቅርጻቸው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1971 በሰባት ቅርጾች ብቻ የተጀመረው የፕሮቲን መረጃ ባንክ አለ። በላዩ ላይ አልፋፎልድ የተባለው ቋት በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተተነበዩ ከ200 ሚሊዮን በላይ ቅርጾችን ይዟል። የዚህ ሥራ መሪዎች የ2024 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተጋሪዎች ሆነዋል። ተማሪዎች ሁለቱን እንዳያምታቱ ያስፈልጋል፤ የመጀመሪያው በላቦራቶሪ የተለካ ሲሆን ሁለተኛው ትንበያ ነው። እያንዳንዱ ትንበያ ከ0 እስከ 100 የሚደርስ የእርግጠኝነት ነጥብ አለው። ነጥቡ ከ50 በታች በሆነ ክፍል ላይ መደምደሚያ መመሥረት አይገባም።

በአገር በቀል ተክሎች፣ እንስሳትና ረቂቅ ተሕዋስያን ላይ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ከመረጃ ቋቶቹ በፊት የሚያስቡት ነገር አለ። የዘረ መል ሀብትንና የማኅበረሰብ ዕውቀትን ማግኘት በአዋጅ ቁጥር 482/1998 የሚመራ በመሆኑ ናሙና ወደ ውጭ ከመላክ አስቀድሞ የኢትዮጵያ ብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩትን ማነጋገር ግዴታ ነው። በጤፍ ዱቄት ላይ በአውሮፓ የተሰጠው የፓተንት መብት ለዓመታት ሲያከራክር ቆይቶ በኔዘርላንድስ ሄግ ፍርድ ቤት ውድቅ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2018 እንደነበር ይታወሳል። ፓተንትስኮፕ እና ኤስፓስኔት የተባሉት የፓተንት ፍለጋ ገጾች ለሁሉም ክፍት ናቸው። በአገር ውስጥ ዕውቀት ላይ ማን ምን መብት እንደጠየቀ መከታተል ለጠበቆች ብቻ የሚተው ሥራ አይደለም።

የአገር ውስጥና የአፍሪካ መጽሔቶች

የአገራችንን የጤና ችግር በተመለከተ የተሠሩ ጥናቶች ሁሉ ፐብሜድ ላይ አይገኙም። አፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይን የተባለው ገጽ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ በአህጉሩ የሚታተሙ መጽሔቶችን እያሰባሰበ ያቀርባል። እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ የሚታተመውን የኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት፣ የኢትዮጵያ የጤና ልማት መጽሔትንና በጅማ ዩኒቨርሲቲ የሚዘጋጀውን የጤና ሳይንስ መጽሔት በዚህ ማግኘት ይቻላል። የዩኒቨርሲቲዎቻችን የመመረቂያ ጽሑፎች ማኅደሮችም አሉ፤ ሆኖም የአንዳንዶቹ ገጽ ለቀናት የማይከፈትበት ጊዜ ስላለ ተስፋ ሳይቆርጡ ደጋግሞ መሞከር ይጠይቃል።

በሰዎች ላይ የሕክምና ሙከራ ለማካሄድ ያቀደ ተመራማሪ የመጀመሪያውን ተሳታፊ ከመቀበሉ በፊት ሙከራውን በይፋ ማስመዝገብ አለበት። ታላላቅ የሕክምና መጽሔቶች እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ያልተመዘገበ ሙከራ አያትሙም። ለዚህም መቀመጫውን ኬፕ ታውን ያደረገው የፓን አፍሪካ የሕክምና ሙከራዎች መዝገብ ያገለግላል። ምዝገባው የአገር ውስጥ የሥነ ምግባር ፈቃድን አይተካም።

ሊደረጉ የሚገባቸው ጥንቃቄዎች

ክፍያ ተቀብለው ማንኛውንም ጽሑፍ ያለ በቂ የአቻ ግምገማ የሚያትሙ አጭበርባሪ መጽሔቶች በርክተዋል። በኢሜይል በሚያሞካሽ ቃል ጽሑፍ ይጠይቃሉ፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ እንደሚያትሙ ቃል ይገባሉ፤ ክፍያውን የሚያሳውቁት ግን ጽሑፉ «ተቀባይነት አገኘ» ካሉ በኋላ ነው። ለደረጃ ዕድገት የቸኮለ መምህር ገንዘቡን ብቻ አያጣም። አንድ ጊዜ በእንዲህ ያለ ቦታ የታተመ ጥናት በሌላ ሁነኛ መጽሔት ሊታተም ስለማይችል የዓመታት ድካሙም አብሮ ይባክናል። ከመላክ በፊት መጽሔቱ ዲኦኤጄ በተባለው የክፍት መጽሔቶች ማውጫ ውስጥ መኖሩን ማየትና «ቲንክ ቼክ ሰብሚት» የተባለውን የጥያቄዎች ዝርዝር መከተል ይጠቅማል።

ሜድአርካይቭ እና ባዮአርካይቭ ላይ የሚወጡት ቅድመ ኅትመቶች በአቻ ያልተገመገሙ ናቸው። ለተመራማሪ ጠቃሚ ቢሆኑም ለሕክምና ውሳኔ መዋል የለባቸውም። ግምገማ ማለፍም ቢሆን ሙሉ ዋስትና አይሆንም። እ.ኤ.አ. ግንቦት 22 ቀን 2020 በአንድ እጅግ የተከበረ መጽሔት የወጣ ጥናት ሃይድሮክሲክሎሮኩዊን የኮቪድ ታካሚዎችን ሞት ይጨምራል በማለቱ የዓለም ጤና ድርጅት በሦስተኛው ቀን የራሱን ሙከራ በከፊል አቋርጦ ነበር። የጥናቱ መረጃ ከየት እንደመጣ ሊረጋገጥ ባለመቻሉ ጽሑፉ ሰኔ 4 ቀን ተሰረዘ። መድኃኒቱ እንደማይጠቅም ኋላ ላይ በሌሎች ጥናቶች ቢታወቅም ያ ጥናት ማስረጃ ሊሆን አልቻለም። ፐብሜድ የተሰረዙ ጽሑፎችን ከላይ በጉልህ ምልክት ስለሚያሳይ ከዓመታት በፊት በስልክ የወረደን ጽሑፍ ከመጥቀስ አስቀድሞ ገጹን እንደገና መክፈት ያስፈልጋል።

በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩ የጥያቄና መልስ መተግበሪያዎች የሌለ ጽሑፍ፣ ከሌለ ጸሐፊና መጽሔት ጋር አሳምረው ሊያቀርቡ ይችላሉ። የሚሰጡት ዋቢ በፐብሜድ ተፈልጎ ካልተገኘ መጠቀስ የለበትም። የታካሚን ፎቶግራፍ፣ የካርድ ቁጥር ወይም የምርመራ ውጤት በእነዚህ መተግበሪያዎች ላይ ወይም በቴሌግራም ቡድኖች ውስጥ ማስገባት የሙያ ሥነ ምግባርን የሚጥስ ነው። በግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ተጠያቂነትን ሊያስከትል ይችላል።

ኢንተርኔት በሌለበትና ለታካሚዎች

መስመር በሚቆራረጥበት ወይም የኢንተርኔት ጥቅል ውድ በሆነበት አካባቢ ለሚሠሩ፣ ኪዊክስ የተባለው ነፃ መተግበሪያ የዊኪፔዲያን የሕክምና ክፍል አንድ ጊዜ አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ለማንበብ ያስችላል። ለፈጣን ማስታወሻ ይበቃል፤ መጠንና መመሪያ ግን ከብሔራዊው ሰነድ ይወሰዳል። ጠቃሚ ሰነዶችን ከወጡበት ቀን ጋር አውርዶ በተቋሙ ኮምፒዩተር ማስቀመጥም ይመከራል። ገጾች ለዘለዓለም አይኖሩምና። በሺዎች የሚቆጠሩ የሕክምና መመሪያዎችን ይዞ የነበረው የአሜሪካ ብሔራዊ የመመሪያዎች ማዕከል በጀቱ በማብቃቱ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2018 ተዘግቷል።

ታካሚዎችና ቤተሰቦቻቸው በአማርኛ የተዘጋጀ ጽሑፍ ሲጠይቁ፣ ሜድላይንፕላስ በአማርኛ የተተረጎሙ የጤና መረጃዎችን በአንድ ገጽ ሰብስቦ ያቀርባል። በሲያትል ከተማ ኢትዮጵያውያንን ጨምሮ ለስደተኛ ማኅበረሰቦች የተቋቋመው ኤትኖሜድም ተመሳሳይ ጽሑፎች አሉት። ሁለቱም በአሜሪካ ለሚኖሩ ሰዎች የተዘጋጁ በመሆናቸው የአምቡላንስ ስልክ ቁጥርን፣ የጤና መድንንና የክትባት መርሐ ግብርን የሚመለከቱት ክፍሎች ለአገር ውስጥ አይሠሩም፤ ባለሙያው ጽሑፉን አትሞ ከመስጠቱ በፊት እነዚህን መስመሮች በእስክሪብቶ ሰርዞ የአካባቢውን መረጃ ቢጽፍበት ታካሚው አይደናገርም።